የአማቷ ጉሮሮ

ከማድ ቤቱ በር ማዶ «እህህ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፀጉሯን ታጥባ፣ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ነክራ የተቀመጠችው ምራት ንቅንቅ አላለችም። የባሏ አባት የትኛውም ክፍል ከመግባታቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠርገው መምጣታቸውን ያሳውቁ ነበር፤ እሷም ልብሷን አስተካክላ ብድግ ትልላቸው ነበር። ሰሞኑን ግን ጉንፋኑ ለቋቸው አክታው አልለቅ ስላለ፣ እሳቸው ቀኑን ሙሉ «እህህ» ሲሉ እሷ ቀኑን ሙሉ ስትነሳና ስትቀመጥ ወገቧ ሊቆረጥ ደረሰ። «ይሄ አክታው ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም» አለች በልቧ።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው የሚጉመጠመጡበት ሙቅ ውሃ ፈልገው ባዶ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። እርጥብ ፀጉሯንና ባዶ እግሯን ሲያዩ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ።

«ውይ አባባ፣ ጉሮሮዎ መስሎኝ እኮ ነው።»

«ልክ ነሽ ልጄ፤ ይሄን ጉሮሮ እኔም አላምነውም።»

ወጥተው በሩን መልሰው ዘጉት። አናጢ ሳሉ በገዛ እጃቸው የሠሩት በር ነው፤ አንኳኩተውት አያውቁም። ትንሽ ቆዩና እንደ እንግዳ ሰው በአንድ ጣታቸው ቀስ አድርገው አንኳኩ።

እግሯን ከሳፋው ሳታወጣ ብድግ አለች።