የክርስትና አባት እንቅልፍ

ቄሱ “ወደ ምሥራቅ ዙሩ” ሲሉ ሁሉም ዞረ፤ ቢሻው ብቻ ሕፃኑን እንደታቀፈ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ሰይጣን ወደሚካድበት አቅጣጫ አድርጎ ቀረ። “ስለ ልጁ ታምናለህን?” ቢባልም አልመለሰም። ሰዎቹ መለስ ብለው ሲያዩት የሚታያቸው ጀርባው ነው እንጂ የተከደነ ዓይኑ አይደለም። የሕፃኑ እናት ማናለብሽ ጋቢውን ስትጎትተው ባነነ።

የቢሻው ቤትና የሕፃኑ አባት የውብአየሁ ቤት በድንበር ጠብ ደም ተቃብተው የኖሩ ናቸው። ሽማግሎች አስታረቋቸውና፣ እርቁ እንዲጸና አበልጅ ይሁኑ ተብሎ ነው የውብአየሁ ልጅ በቢሻው እቅፍ የገባው።

ቢሻው እንጅባራ መንገድ ሥራ ካምፕ የድንጋይ መፍጫውን ሞተር ይጠብቃል። ፈረቃው በየሳምንቱ ይዞራል፤ ገላው ቀኑን ሳይለምድ ሌሊቱ ይመጣበታል። ትናንት ማታ የሥራ ጓደኛው ኢስሃቅ “ልጅ ክርስትና የምታነሣ ሰው ነህ፣ ዛሬን እኔ ልግባልህ” ቢለው፣ አንድ ሌሊት ምን አላት ብሎ ሳቀበት። ዓይኑን ሳይከድን አድሮ፣ ሲነጋ ከሞተሩ ሥር ተነሥቶ፣ ወንዝ ላይ ፊቱን ታጥቦ በቀጥታ መጣ።

ውብአየሁ አልጮኸም። “እርቁ ካልጣመህ ለሽማግሎቹ ብትነግራቸው ይሻል ነበር” አለው፣ “በልጄ ክርስትና ጀርባህን ከምትሰጠን።”

“እንቅልፍ ነው ውብአየሁ። ማርያምን፣ እንቅልፍ ነው።”

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ቀን አርሶ ሌሊት የሚተኛ ገበሬ ይህን እንዴት ብሎ ይመን? ካስታረቋቸው ሽማግሎች አንዱ፣ አባ ሽባባው፣ በጠዋት ቆሞ የሚያንቀላፋ ፈረስ እንጂ ሰው አይቼ አላውቅም አሉ። የሳቀ የለም።

ውብአየሁ ልጁን ቀስ አድርጎ ከእቅፉ ወሰደና ለሚስቱ ወንድም ሰጠው።

ቢሻው ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እንቅልፉ እንዳልነበረ ጠፍቷል። ምነው ኢስሃቅን እሺ ባልኩት አለ በልቡ። ገብቶ ሊያስረዳ ተነሣ፤ ምን ብሎ? ደግሞ ተቀመጠ።

ከውስጥ ቄሱ ጥያቄውን እንደገና ሲጠይቁ ሰማ። የማናለብሽ ወንድም ጥርት ባለ ድምፅ “አምናለሁ” አለ።

“አምናለሁ” አለ ቢሻውም፣ ከዛፉ ሥር። የሰማው አልነበረም።