ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

"ግፊው እንጂ እማ... ትንሽ ናት የቀረችው!"

እናትና ልጅ ጓዳ ክፍሉ ውስጥ አንድ ግዙፍ ቁምሳጥን ይገፋሉ...

ልጅ ስላችሁ፣ ሚስት ያለው ጎልማሳ ነው።

እናት ወገቧን ይዛ ታቃስታለች። እሱ ሰዓቱን ያያል።

"ቆይ እስቲ ልጄ፣ የድሮው ቦታው ምን አደረገህ?"

"እዚህ ሲሆን ያምራል ብዬ ነው እማ።"

ውሸቱን ነው!

ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ ተሰንጥቋል... ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ።

ቀደም ብሎ ግንበኛ አምጥቶ አሳይቶት ነበር። ግንበኛው አንኳኩቶ ራሱን ነቀነቀ። "ወንድሜ፣ ይሄ የሚጠብቀው አንድ ደህና ዝናብ ነው። ሲወድቅ ኮርኒሱንም ይዞት ነው የሚወርደው" አለው።

ልጅየው ግን እናቱ በስሙ ያዞረችለትን ቤት ቶሎ ሸጦ መገላገል ነው የፈለገው። ጣጣው የገዢው ይሁን!

እናቱን "እኛ ጋ ትኖሪያለሽ" ብሏታል... ለሚስቱ ግን ገና ትንፍሽ አላለም። ያን ሲያስብ ራሱን ያመዋል።

በሩ ተንኳኳ።

ገዢው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የትንንሽ ልጆች አባት። ቤቱን የምትመረምርለት መሐንዲስ ይዞ መጥቷል።

መሐንዲሷ ቀልድ አታውቅም። ቧንቧውን ከፈተች፣ ጣራ ላይ ወጣች፣ አልጋ ሥር ሳይቀር ባትሪ አበራች።

ጓዳ ስትደርስ ቆመች...

"ከዚህ ቁምሳጥን ጀርባ ምን አለ?"

"ግድግዳ ነዋ!" አለ ልጅየው እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም።

"እኔ የሰው ዕቃ አላንቀሳቅስም፤ የሥራችን ደንብ ነው። እርስዎ ቢያነሱልኝስ?"

"ኧረ ከባድ ነው! የአባቴ ዕቃ ነው፣ ይሰበርብኛል።"

ደንቡን እኮ አስቀድሞ አጠያይቆ ነው ቁምሳጥኑን የገፋው... ብልጥ ነኝ ባይ!

መሐንዲሷ ወደ እናትየዋ ዞረች። "እማማ፣ ግድግዳው ደህና ነው?"

እናት ልጇን አየችው። ከዚያ ወለሉን አየች።

"ልጄ ያውቃል" አለች።

መሐንዲሷ ለሾፌሩ "ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለውን አላየሁም፤ ላላየሁት ኃላፊነት አልወስድም" ብላው ሄደች።

"ምን ችግር አለ፣ እማማ የሚኖሩበት ቤት አይደል እንዴ?" አለ ሾፌሩ።

ሳሎን ተቀመጡ። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ልጅየው እስክሪብቶ አነሳ...

"ቆይ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ" አለ ሾፌሩ። "ቅድም እማማን 'ወዴት ይሄዳሉ?' ብላቸው 'ልጄ ጋ ብሎኛል... ግን እንጃ' አሉኝ። አንጀቴን በሉት። እኔ እናት የለኝም፤ ልጆቼም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤት የሚጠብቃቸው ሰው የለም። ፈቃድህ ከሆነ እማማ እዚሁ ይኑሩ። ኪራይ የለ፣ ምን የለ! ያቺን ጓዳ ክፍል ለልጆቼ መኝታ ነበር ያሰብኳት፤ አሁን ለእሳቸው ትሁን።"

ልጅየው እፎይ አለ! ሚስቱን መለመን ቀረለት...

ወዲያው ግን ዓይኑ ወደ ጓዳው በር ዞረ።

ያቺን ጓዳ ክፍል...?

"ምን ይላሉ እማማ?"

እናት የቀሚሷን ጫፍ እያፍተለተለች፣ "እሺ ልጄ... እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

እሺ?!

ስንጥቁን ከማንም በፊት ያየችው እሷ ናት እኮ! ብርድ በገባ ቁጥር ጨርቅ የምትወትፍበት እሷ ናት! ግንበኛው ያለውንም ከበር ሆና ሰምታለች!

ልጅየው እስክሪብቶውን ጣለ።

"እማ፣ እዚያ አትተኚም!" ብሎ ጮኸ።

ሁሉንም ዘረገፈው። ቁምሳጥኑን ገፉት... ሾፌሩ ጣቶቹን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ።

"ለምን እሺ አልሽ እማ?" ልጅየው እያለቀሰ ነው።

"ሰው ፊት ከምታፍርብኝ ብዬ ነው ልጄ..."

ሾፌሩ ሳይፈርም ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

"ወንድሜ፣ እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። ግን... 'እማማ እዚህ ይኑሩ' ባልልህ ኖሮ፣ ልጆቼን እዚያ ሳስተኛ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?"

ሾፌሩ መልሱን አልጠበቀም። ሄደ።

ወዳጆቼ... ይሄ ሰው እናቱን እንደሚወድ አልጠራጠርም። ግን ለእናታችን የምንፈራውን አደጋ ለማናውቃቸው ሕፃናት ካልፈራን፣ ፍቅራችን ከራሳችን በር አልወጣም ማለት ነው።

እኔ አድሚናችሁ ግን የከነከነችኝ እናትየዋ ናት። ራሷን ለመሠዋት ዝግጁ ነበረች... የሾፌሩ ልጆች እዚያ ይተኛሉ ቢባልም ያው ዝም ትል ነበር ማለት ነው?

እናንተ ብትሆኑ ትፈርዱባታላችሁ ወይስ ታዝኑላታላችሁ? ከነምክንያታችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ...