የአራት ሰው ድንኳን

ሻጩን የሥራ ባልደረቦቹ «ቅቤው» ይሉታል፤ ደንበኛን በምላሱ ቅባት ቀብቶ ይሸኛል ለማለት። እሱ ግን ይህን ቅጽል ስም አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ አልጨቀጨቀችውም። ልጆቹን ለሽርሽር እወስዳለሁ ብሎ ቃል ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬም እንደ ልማዱ ሰርዞታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር። ዛሬ «ለምሳ ትመጣለህ?» ብቻ አለችው። «አልመጣም» አላት። «እሺ» አለች። ተመስገን፣ በስንት ጊዜዋ ገባት ብሎ እያፏጨ ሄደ።

እንዲያፏጭ የሚያደርግ ነገር ነበረው። የሱቁ አለቃ በቅርቡ ጡረታ ይወጣል፤ ወንበሩን የሚወርሰው ደግሞ ከሻጮቹ አንዱ ነው። ማን እንደሚገባው ለማየት ዋናው መሥሪያ ቤት በዚህ ሳምንት ደንበኛ መስሎ የሚገባ ተቆጣጣሪ ልኳል እየተባለ ይወራል። ሻጩ ከሰኞ ጀምሮ በር በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ሲያሰግግ ከርሟል። ያን ወንበር ካላገኘ ሞቶ መገኘቱ ነው።

ረፋድ ላይ ጫማው የተወለወለ፣ በእጁ የታጠፈ ወረቀት የያዘ ሰውዬ ገባ። ዕቃዎቹን አልነበረም መጀመሪያ ያየው፤ የሻጩን ፊት ነበር። ቀጥሎም ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበ።

ሻጩ ልቡ ድው አለ። መጣ!

«ለቤተሰብ የሚሆን ድንኳን ፈልጌ ነበር» አለ ሰውዬው። «ስለ ዕቃው የማውቀው ነገር የለም።»

አላውቅም ይላል እንዴ! ሻጩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ስንት ትሆናላችሁ ጌታዬ?»

«አራት። ሁለት ልጆች አሉ።»

ሻጩ የአራት ሰው ድንኳን አውርዶ ወለሉ ላይ ተከለ። ምላሱ ተፈታ። «ስፌቱን በጣትዎ ይዳብሱት። ስፌቱ ላይ ፕላስቲክ ካልተለጠፈበት ዝናቡን እንደ ወንፊት ነው የሚያሳልፈው። ወለሉም ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሰፋ ነው፤ ጉንዳን አይገባም።»

ሰውዬው ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። «ሴቷ ጨለማ ትፈራለች። ወንዱ ሲተኛ ይራገጣል። እናታቸው እግሯን ይበርዳታል፤ በር ጥርቅም ሲል ደግሞ ትጨነቃለች።»

ሻጩ በልቡ ሳቀ። ይህ በዋናው መሥሪያ ቤት ተጽፎ የተሰጠው ለመሆኑ ምን ጥርጥር አለው? የትኛው አባት ነው ይህን ሁሉ የሚያውቀው?

ለጨለማው ከጣሪያ የምትንጠለጠል ትንሽ መብራት አመጣ። ለሚራገጠው ሰፊ፣ እግሯን ለሚበርዳት ደግሞ ከታች ወፈር ያለ የመኝታ ከረጢት መረጠ። በሩ ወንፊት መጋረጃ እንዳለው፣ ሳይዘጋ ማደር እንደሚቻል ዚፑን ወዲያና ወዲህ እየሳበ አሳየ።

በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት እጅጌውን ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ ይቺ ባትሪ ዋጋዋ ስንት ነው?»

«ቆዩ እማማ፣ ሥራ ላይ መሆኔን አያዩም?» አላቸው።

አሮጊቷ ጥቂት ቆመው ጠበቁና ባትሪዋን መልሰው አስቀምጠው ወጡ።

«አንተ ራስህ ተጠቅመህበት ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀ ሰውዬው።

«እንዴታ!» አለ ሻጩ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «አምና ልጆቼን ሐይቅ ዳር ወስጄ በዚሁ ነው ያሳደርኳቸው።»

«ባለቤትህስ ወደደችው?»

«እሷማ ወደ ቤት አልመለስም ብላ በስንት ልመና!»

ሰውዬው ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ፈቃድ ጠይቀህ ከልጆችህ ጋር ልዋል ብትል አለቃህ ይከለክልሃል?» አለው።

ወጥመድ! ሻጩ ደረቱን ነፋ። «እሱማ ዕረፍት ውጣ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ቤተሰብ የት ይሄዳል ጌታዬ? ደንበኛ ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።»

ሰውዬው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሸክም የወረደለት ሰው ይመስል ነበር።

«እንግዲያው ጠቅልልልኝ» አለ።

ድንኳኑ፣ ካስማውና መዶሻው፣ አራቱ የመኝታ ከረጢቶች፣ ምድጃው፣ ጀሪካኑ ሁሉ ተጠቀለለ። አለቃው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። የሻጩ ልብ ቅቤ ጠጣ።

«እስከ መኪናዎ ላድርስልዎ።»

«ተወው፣ ራቅ አድርጌ ነው ያቆምኩት።»

«በፍጹም! ይሄማ የእኛ ሥራ ነው።»

«ግዴለም አልኩህ እኮ!» ሰውዬው ቆጣ አለ።

የመጨረሻዋ ፈተና ይህች ናት፤ በዚህችማ አይወድቅም። ድንኳኑን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ከረጢቶቹን በሁለት እጁ አንጠለጠለና እየሳቀ ተከተለው።

መኪናዋ ከመንገዱ መታጠፊያ ጀርባ፣ ጥቁር መስታወቶቿ እንደተዘጉ ቆማለች። የዕቃ መጫኛዋ ሲከፈት እስከ አፉ በሻንጣ ተጠቅጥቋል።

«ለሽርሽር ይህን ሁሉ ጓዝ!» ብሎ ቀለደ ሻጩ፣ ድንኳኑን በግድ እየሸጎጠ።

የኋላው መስኮት ዝቅ አለ፤ አንዲት ትንሽ ልጅ አንገቷን ብቅ አድርጋ ሻጩን አየችው፣ ከዚያም ወደ ሰውዬው ዞራ «አባዬም ከእኛ ጋር ይመጣል እንዴ?» አለችው።