ለእያንዳንዱ ጓሮ

እታፈራሁ ኮዱን እንደገና ታስኬደዋለች። ላፕቶፑ ጥቂት ያመነታና ያንኑ ቁጥር ያወጣል። አዲሱ የእንሰት ዝርያ ከተተከለባቸው ጓሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት አጠውልግ በሽታ ገብቶባቸዋል ይላል።

ዝርያውን በሻንቶና በዲምቱ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች ያከፋፈለችው እሷ ናት። በሽታውን ይቋቋማል ብላ ነበር። ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሶዶ ባለው የግብርና ቢሯቸው ስብሰባ አለ። ቁጥሩ ይህ ከሆነ ዝርያው ከየጓሮው ተነቅሎ ይቀበር መባሉ አይቀርም።

ከጠረጴዛዋ ማዶ ጋሽ ቦልቴ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እንሰቱ ሊነቀል ነው የሚለው ወሬ ቀድሞ ስለደረሳቸው በጠዋት ሚኒባስ ከሻንቶ መጥተዋል። ጓሯቸውን ሞልተው የተከሉት እሷን አምነው ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በልተው የሚያድሩት ያንኑ እንሰት ነው።

«የኔ እኮ ደህና ናት» ይላሉ። «ቅጠሏ አልጠወለገም።»

«አይቻታለሁ፣ ጋሽ ቦልቴ። ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው።»

«ታዲያ ይሄ ማሽን ምን አይቶ ነው እንዲህ የሚለው?»

ቁጣ የለባቸውም፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነው። እታፈራሁ ላፕቶፑን ወደሳቸው ታዞረዋለች። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ራሷ የጻፈቻቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው።

«እዚህ ጋ "ለእያንዳንዱ ጓሮ" ብዬዋለሁ። አንዱን ያይና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እስኪጨርስ እንዲያ እያለ ይደጋግማል።»

«እንደ ክትባት ሰዎች። ቤት ለቤት።»

«አዎ፣ እንደነሱ። እያንዳንዱ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ይጠይቃል። "ጤነኛ" ተብሎ ከተጻፈ ጤነኛ ብሎ ይቆጥረዋል። ካልሆነ ታሟል ብሎ...»

ትቆማለች።

ካልሆነ። በክረምቱ ወንዙ ሞልቶ ጓሮዎቹን ለማየት የወጣው የቢሮው መኪና ከዲምቱ ወዲያ መሻገር አቅቶት ተመልሷል። የወዲያኛው ማዶ ጓሮዎች ጨርሶ አልታዩም። ሠንጠረዡ ላይ ቦታቸው ባዶ ነው። ባዶ ደግሞ «ጤነኛ» አይደለም። ኮዷ ማንም ያላየውን ጓሮ ሁሉ እያነሳ ከታመሙት ጋር ሲደምር ነው የከረመው።

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

«አንዴ ይታገሱኝ።»

ጣቶቿ ፊደሎቹን ይስታሉ። አንድ መስመር ትጨምራለች፦ ባዶ ከሆነ አትቁጠረው፣ እለፈው። ስታስኬደው ቀይ ጽሑፍ ይወጣል።

«ተቆጣ እንዴ?» ይላሉ ጋሽ ቦልቴ፣ ወደፊት ጎንበስ ብለው።

«ቅንፍ ሳልዘጋ ቀርቼ ነው።»

ቅንፉን ትዘጋለች። አሁን ሌላ ቁጥር ይመጣል። የታመሙት ከመቶ አስር አይሞሉም።

ወዲያው አታምነውም። ሠንጠረዡን ከፍታ ጓሮዎቹን በዓይኗ እየተከተለች፣ መዝገብ መስመር በመስመር እንደሚያነብ ሰው በጣቷ እየነካች ታመሳክራለች። ያልታዩት ታልፈዋል፤ የታዩት በትክክል ተቆጥረዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሽ ቦልቴ። ያልሄድንባቸውን ጓሮዎች ታመዋል ብዬ ቆጥሬ ነው። ከታዩት ውስጥ የታመሙት ጥቂት ናቸው። እነሱ ይነቀላሉ፤ ያላየናቸውን ደግሞ ሄደን እናያቸዋለን። ስብሰባው ላይ ይህንኑ እናገራለሁ።»

«የኔስ?»

«የእርስዎማ ጤነኛ ናት። ማን ይነካታል?»

ጋሽ ቦልቴ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ ከላይ ወደታች ያሻሉ። ከዚያ ከኮት ኪሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ሚስታቸው ጋ ይደውሉና በወላይትኛ ያወራሉ። እታፈራሁ ሶዶ ከመጣች ወዲህ አብዛኛው ይገባታል። ጎረቤቶች እንሰቱን ለመንቀል ሊያግዙ ዶማቸውን ይዘው ጓሮው ደርሰዋል። ጋሽ ቦልቴ ማንም እንዳይነካው፣ እንደቆመ ይቆይ ይላሉ። ሚስታቸው ጎረቤቶቹ አሁኑኑ ይመለሱ እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች።

«አይ» ይሏታል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሳይበሉማ አይሄዱም። ምሳ አቅርቢላቸው።»