የቅዳሜው ሰላምታ

ሉበርት ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ላሞቹን አብልቶ በረቱ ውስጥ ከደበቀው የሬዲዮ ማሰራጫ ፊት ይቀመጥና ያለ ፈቃድ አየሩን ይይዘዋል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ኖሯል። መንግሥት ይከለክላል፤ በሆላንድ የድሬንተ ገጠር ገበሬ ግን ክልከላን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል።

«ይህ ዘፈን ለእንስሳት ሐኪሙና ለእናቱ! ይህ ደግሞ ለዳቦ ቤቷ ትሪንትየ፣ እግሯን እግዜር ይማርላት!»

በሰፈሩ ስሙ ያልተጠራ ሰው የለም ይባላል።

«ለእኔስ?» አለችው አንድ ቀን ሚስቱ አልትየ፣ የአተር ሾርባውን ስታቀርብለት።

«አንቺማ እዚሁ ነሽ፤ ምን ሰላምታ ያስፈልግሻል?»

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ!» ብላ ስቃ ወጣች።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ የአየር ሞገድ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ በረቱ ገቡ። ማሰራጫውን ጭነው፣ የአንቴናውን ምሰሶ ነቅለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የሉበርት ድምፅ ከገዛ በሩ አላለፈም።

በሆላንድ ገጠር ጎረቤትን ለመንግሥት መጠቆም ከስርቆት ይከፋል። አንድ ሰው ግን ጠቁሟል። ሉበርት ሌላ ሰው አላሰበም፤ ቮልተር ነው። ቮልተር ከመንገዱ ማዶ የራሱ ጣቢያ አለው፤ በአድማጭ ሲፎካከሩ ኖረዋል፤ የእሱን ምሰሶ ደግሞ ማንም አልነካም። ይባስ ብሎ በሳምንቱ «ይህ ዘፈን ዝም ላለው ጎረቤቴ!» ብሎ በአየር ላይ ለቀቀ። የሉበርት ደም ፈላ።

«የእሱም ምሰሶ ሲነቀል ቆሜ ካላየሁ ሰው አይደለሁም!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አፍ ብቻ!» አለችው አልትየ። «ስልክ የለህም?»

«ነውር ነው እኮ።»

«ለእሱ ነውር ካልሆነ ላንተ ምኑ ነው ነውሩ?»

ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ልቡ ቆረጠ። መነጽሩን ሲፈልግ አልትየ የቤቱን ስልክ አንስታ የተቆጣጣሪዎቹን መሥሪያ ቤት ቁጥር ራሷ መታችለትና እጁ ላይ አስያዘችው። ከዚያ ድንቿን ልትልጥ ተቀመጠች።

ሉበርት የቮልተርን አድራሻ፣ የሚያሰራጭበትን ሰዓት፣ ማሰራጫው የተደበቀበትን ቦታ ሁሉ ዘረገፈው። እፎይ አለ። በቀል ለካ እንዲህ ይጣፍጣል! «ስሜ ግን እንዳይነሳ» ሲል አስጠነቀቀ።

«አያስቡ፤ ይህ ስልክ ቁጥር እኛ ጋ የታወቀ ነው» አለችው ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና፤ «በመጋቢት የበረቱን ጥቆማ የሰጡን ወይዘሮ ደህና ናቸው?»