የሾላው ሙሽራ

በጥንት ህንድ አንዲት የታጨች ልጃገረድ ነበረች። «ማንጋላ የምትባለው ቀይ ኮከብ በትዳር ቤቷ ተቀምጣለች፤ የመጀመሪያ ባሏን ትገድላለች» ብሎ የፈረደባት ያገሩ ኮከብ ቆጣሪ ነበር። ማርከሻ ነው ብሎም እንደ ደንቡ ደጃፏ ላይ ካለው ሾላ ጋር ዳራት። እርግማኑን ይዞ እንዲሄድ ዛፉ በማግስቱ መቆረጥ ነበረበት። እጮኛዋ ግን ፈርቶ ሸሸና የኮከብ ቆጣሪውን የእህት ልጅ አገባ፤ ሾላውም ሳይቆረጥ ቀረ። ኮከብ ቆጣሪው ለእህቱ ልጅ ብሎ እንደዋሸ ያኔ ገባት። ቂሟን ቋጥራ ጥላው ሥር ተቀመጠች።

ከዓመታት በኋላ ኮከብ ቆጣሪው ደጇ መጣ። አንድያ ልጁ «ያለሷ አላገባም» ብሎ እህል ውሃ ትቶበታል።

«ልጄ፣ ማሪኝ።»

«አባቴ፣ መጀመሪያ ቤተ መቅደሱ ፊት ቆመው እውነቱን ይናገሩ።»

ሄዶ ሕዝቡ ፊት ቆመና «ኮከቧ ንጹሕ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«አሁንስ?»

«አሁን ሾላው ይቀራል» አለችና መጥረቢያ አቀበለችው።

ላብ እስኪያጠምቀው ቆረጠ። ዛፉ ተገንድሶ ሲወድቅ «ተገላገልን!» አለ።

እሷ የእጇን አምባሮች ድንጋይ ላይ እየመታች ሰባበረች። ከቤት የሐዘን ነጭ ልብስ አውጥታ ተከናነበች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አላት።

«እርግማን ካልነበረብኝ ሾላው ማርከሻ አልነበረም፤ ባሌ ነበር። መበለት ዳግመኛ አታገባም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አሁን ከደጄ ይሂዱልኝ፤ ሐዘን ላይ ነኝ።»