ሦስት ቋጠሮ

ከችግኝ ጣቢያው ችግኝ ይጠፋል። ትናንት አሥር፣ ዛሬ አሥራ አምስት።

"ሌባው ሩቅ አይደለም" አለ ጥበቃው፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። "ልንገርሽ ወይስ ልተወው?"

የችግኝ ተካዮቹ አለቃ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዞረች። አባቷ ንጋት ላይ ኮቱ አብጦ ከጣቢያው ሲወጣ በዓይኗ አይታዋለች።

አባቷ ሃያ ዓመት የማዕድን ማውጫውን መቆፈሪያ መኪና፣ ስካቫተሩን፣ ነድቷል። መንደሩ የነበረበትን ኮረብታ፣ የገዛ ሚስቱን መቃብር ሳይቀር፣ የናደው እሱ ነው። አሁን ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ ላዩ አፈር ለብሶ፣ ልጁ ዛፍ ትተክልበታለች። ከመቶው ችግኝ ሰማንያው ከጸደቀ መሬቱ ከመንደሩ ለተነሱት ቤተሰቦች ይመለሳል። እሷም እናቷ በኖረችበት ቦታ ለልጇ ቤት ትሠራለች።

ቆጠራው እንዳይሳሳት፣ በተከለችው ሁሉ ግንድ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። ሦስት ቋጠሮ፣ በእጇ።

"ከዚያ ክር ትንሽ አትሰጪኝም?" ብሏት ነበር አባቷ አንድ ቀን። "የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሶ።"

"በቀይ ክር? በዚህ ዕድሜህ ልትዘንጥ ነው አባዬ?" ሙሉ ጥቅሉን ሰጠችው።

ከጥበቃው ጋር የተከለችበትን ዳገት ሲዞሩ ጥበቃው አንድ ችግኝ ፊት ቆመ። "ይሄ ባለፈው ወር ጉልበቴ ጋ ደርሶ ነበር። አሁን ስንዝር ነው። ያንቺ ዛፍ እንደ ጡረተኛ ወደ ታች ነው እንዴ የሚያድገው?"

ሳቁ። ክሩ ላልቶ ነበር፤ ሁለት ቋጠሮ ብቻ። ቸኩዬ ነው ብላ አጠበቀችው።

ምሳ ላይ አላስቻላትም። "አባዬ፣ ችግኙን ለማን ነው የምትሸጠው?"

ጉርሻውን መለሰው። ጥፍሩ ውስጥ አፈር ነበር። "መሬቱ እንዲመለስ በጣም ትፈልጊያለሽ፣ አይደል?"

"ከነፍሴ!"

"እንግዲያው አንቺ ቁጠሪ። ሌላውን ተዪው።"

የዚህ ሰው እጅ መንቀል እንጂ መትከል አያውቅም ብላ ተነሣች።

የጸደቀውን የሚያረጋግጡት መርማሪዎች መጡ፣ ቆጠሩ። ከመቶው ዘጠና አንድ። መሬቱ እንዲመለስ ፈረሙ። ሰው እየተቃቀፈ አለቀሰ።

"በቃ አባዬ" አለችው። "ካሁን በኋላ ዳገቱ ላይም ጣቢያው ጋም ድርሽ እንዳትል።"

"ለስንት ቀን?"

"ለሁልጊዜ።"

ፊቱ አመድ መሰለ።

በሳምንቱ ቤተሰቦቹ ከነልጆቻቸው ገቡ። አዲስ ከተቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ቀድማ የጠጣችው የእሷ ልጅ ነበረች። "እማዬ፣ ብረት ብረት ይላል" አለች አፏን እየጠረገች።

ለመሠረቱ ዶማ አስፈለገ። በአባቷ ጓሮ ወዳለው ዕቃ ቤት ሄደች።

"ቆይ! እኔ ላምጣልሽ!" እያለ አባቷ ከኋላዋ ሮጠ፤ በሩን ግን ከፍታው ነበር።

እስከ ጣራው የተከመረ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ደረቅ ችግኝ፤ በየግንዱ ላይ ቀይ ክር፣ ሦስት ቋጠሮ፣ የራሷ እጅ ያሰረው።